የቄሱ ሳህን

ኤሎይ ደክሞታል። ከጎረምሳነቱ ጀምሮ እንደ ምላጭ በሚቆርጥ የገሞራ ድንጋይ ላይ ወጥመድ ሲያጠምድ፣ አይጥ ሲቀብር፣ የዱር ድመት ሲያሳድድ ጫማውም ጉልበቱም አልቋል። ለማን ብሎ ቢሉ፣ ለኩኩቤ ነዋ! ኩኩቤ የደሴቲቱ ወፍ ናት። ድመት ከመርከብ እስኪወርድ ድረስ አድኖ የሚበላት አውሬ ስላልነበረ መሸሽ የሚባል ነገር አታውቅም። የሚበላት ሲመጣ “ማነህ?” ብላ ልታየው ትጠጋለች። እንዲህ ስትል ስትል ከደሴቲቱ ጠፋች፤ የተረፉት ጥቂቶቹ ማዶ ካለው ቋጥኝ ላይ ናቸው።

ከእነሱ የተወሰኑት ተይዘው መጥተው አሁን ከመንደሩ በላይ በሽቦ ቤት ውስጥ ተቀምጠዋል። ዝናቡ ሳይገባ ካልተለቀቁ ወደ ቋጥኙ ይመለሳሉ፤ የኤሎይም የዕድሜ ልክ ልፋት ውሃ በላው ማለት ነው። ያገዳቸው አንድ ድመት ብቻ ነው። ዱር ውስጥ የተተከለው ካሜራ ላይ ይታያል፤ ጥቁር ነው፣ አንገቱ ነጭ። ወጥመድ ውስጥ ያለውን ሰርዲን አሽትቶ ዘወር ይላል።

“ይሄማ የጠገበ ነው!” አለ የሥራ ባልደረባው ኦርሊ ምስሉን እያየ። “ሰርዲን የሚንቅ የዱር ድመት የት አለ? ቀላቢ ያለው ጌታ ነው፣ ወንድሜ።”

ኤሎይ ድመቱን አውቆታል። አባቱ ሊሞት ሰሞን ከወደብ በሸሚዙ ውስጥ ይዞት የመጣው ግልገል ነው፤ ነጭ አንገትጌው የካቶሊክ ቄስ ይመስላል ብለው “ቄሱ” አሉት። የመንደሩ ድመት ሁሉ ተለቅሞ ወደ ዋናው ምድር በመርከብ ሲጫን እናቱ ዶኛ ኤርሜሊንዳ “የኔስ ሞተ፣ ቀበርኩት” ብላ አለቀሰች። እሱም አብሯት አልቅሷል። ጉድ እኮ ነው!

ከሰዓት በኋላ ቤቷ ሲሄድ የቱና ራስ ስትከትፍ አገኛት።

“እማ፣ ለማን ነው?”

“ለራሴ ነዋ! መብላትም ባንተ ፈቃድ ሆነ?”

“ዓሣ ሆዴን ይነፋኛል ትዪ አልነበር?”

ቢላዋዋን አስቀመጠች።

“ቄሱ አለ አይደል፣ እማ?”

“አለ! ደግሞ ጨዋ ነው፣ ወፍ አይነካም።”

“ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ።”

“ወፉን የጨረሰው አይጥ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው! አባትህ ከሄደ ወዲህ ማን አለኝ? አንተ እንደሆንክ ከወፍ ጋር ተጋብተሃል።”

እውነቷን ነው። ያቃጠለውም እሱ ነው።

“እሺ፣ ብሰጥህ በመርከብ ትልከዋለህ?” አለች፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ።

አዎ ማለት ይችል ነበር። አዎ ቢላት ሁለቱም እንቅልፍ ያገኙ ነበር። ግን መዋሸትም ጉልበት ይጠይቃል።

“አልልከውም። ዱር ያደረ ድመት በሽታ ይዟል ተብሎ ማንም አይቀበለውም። ያኔ ብትሰጪኝ ይሄድ ነበር፣ እማ።”

የከተፈችውን ዓሣ አንስታ ወጣች።

“አታሳድደው። ደንግጦ እንዲሞት አልፈልግም። እኔ እጠራዋለሁ።”

ገሞራው ዳር ቆማ “ቄሴ! ና የኔ ጌታ!” ስትል ጅራቱን ቀስሮ መጣ። በልቶ እስኪጨርስ ስታሻሸው ቆየች፤ ኤሎይ ያመጣው ሳጥን ውስጥ ያስገባችውም፣ የዘጋችበትም እሷ ናት። የሚገድለውን መርፌ ኤሎይ ራሱ ወጋው። ለኦርሊ አልሰጥም አለ።

ወፎቹ ዝናቡ ሳይገባ ተለቀቁ። መንደሩ ጨፈረ፤ ዶኛ ኤርሜሊንዳ በሯን ዘግታ ዋለች። ኤሎይ ሰንብቶ ሲመጣ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ነበር። የቄሱ ሳህን ውሃ እንደተሞላ አጠገቧ አለ፤ ጠርዙ ላይ አንዲት ኩኩቤ ቆማ ትጠጣለች። ኤሎይ ሲጠጋ ቀና ብላ አየችውና መጠጣቷን ቀጠለች።

“ሳህኑን ላንሳው፣ እማ?”

“ተዋት፣ ትጠጣ” አለች እናቱ። “ስም ግን አላወጣላትም።”