አኩርፎ የሄደው የባሕር ዳርቻ

የጨውበር ከተማ የባሕር ዳርቻ ማክሰኞ ጠዋት ከተኛበት ተነሥቶ ሄደ። ከዓሣ ገበያው እስከ መብራት ማማው ድረስ ተዘርግቶ የኖረው አሸዋ በሙሉ አልነበረም፤ በቦታው ጥቁር ዐለት ቀርቷል። የራሱ ያልሆነውን ግን አልወሰደም። የላስቲክ ጠርሙሶቹን፣ የተበጠሱ ነጠላ ጫማዎቹን፣ ቆርኪዎቹንና አንድ የሕፃን ጋሪ ዐለቱ ላይ በሥርዓት ከምሮ ነው የሄደው።

ትርንጎ ዘለለው ይህን ያየችው ወደ ሥራ ስትሄድ ነበር። ትርንጎ የከተማዋ የመናፈሻ፣ የመንገድ ዛፍና የባሕር ዳርቻ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ናት። ረጅም፣ ቀጠን ያለች፣ ስትቆጣ ድምፅዋን ዝቅ የምታደርግ ሴት ናት። ጨው በበላው አፈር ላይ ሣር ያበቀለችው እሷ ናት። በባሕሩ መንገድ ግራና ቀኝ የቆሙትን የኒም ዛፎች ከድርቅም፣ ከፍየልም፣ ማስታወቂያ በሚስማር ከሚመታባቸው ሰውም ያተረፈችው እሷ ናት።

ክምሩን ዞራ አየችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ዐለቱን በመዳፏ ነካችው። ገና ሙቀት ነበረው፤ ሰው ከተነሣ በኋላ አልጋ ላይ የሚቀረው ዓይነት ሙቀት።

ዛፎቹን የሚያጠጣው የውሃ ቦቴ ሾፌር ኢድሪስ መኪናውን አቁሞ ወረደ።

«እትዬ፣ አልተሰረቀም» አላት። «ሌባ የወሰደው አሸዋ ጉድጓድ ጉድጓድ ይሆናል። ይኼ በራሱ ነው የሄደው።»

«ወዴት?»

«ወደ ተራራው። አስፋልቱ ላይ እያንጠባጠበ ወጥቷል።»

ቀትር ላይ ባሕሩ የሚተኛበት አጣ። ከጥንት ጀምሮ ማዕበሉ ሲመጣ አሸዋው ላይ ጋደም ይልና ይመለስ ነበር። አሁን ጋደም የሚልበት ስላልነበረ ቀጥ ብሎ ወጣ። መጀመሪያ መንገዱን በጥፊ መታው፤ ከዚያ ወደ ዓሣ አጥማጆች ሰፈር ገባ። የሰፈሩ የመጀመሪያ ቤት የትርንጎ አባት የአቶ ዘለለው ነው። አቶ ዘለለው መረብ ሲጠግኑ ያረጁ ሰው ናቸው፤ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ አሸዋው ላይ ሄዶ መቀመጥ ልማዳቸው ነበር። ልጃቸው ስትደርስ ቤታቸው ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ውሃው ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ደርሶ አገኘቻቸው።

«አባዬ፣ ይነሡና እኔ ቤት እንሂድ።»

«አንድ ያኮረፈ አይበቃም? እኔ ደግሞ ልጨመር?»

«ማን ነው ያኮረፈው?»

«አሸዋው ነዋ። ቤቱን ጥሎ የሚሄድ ወይ ሞቷል ወይ አኩርፏል። የሞተ ደግሞ ዳገት አይወጣም።»

«ታዲያ ምን ይደረጋል?»

«ላኮረፈ ሰው ምን ይደረጋል? ሽማግሌ ይላካላ። እኔ ከዚህ ንቅንቅ አልልም። ሲመለስ ቤት ውስጥ ሰው ይፈልጋል።»

ማታ ማታ ውሃው እየጨመረ እንደሚሄድ ትርንጎ ታውቃለች። አባቷ ካሉት ፍንክች እንደማይሉም ታውቃለች። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ከንቲባው ሄደች።

ከንቲባ ደምሰው ከመሐንዲሶቹ ጋር ተቀምጠው ነበር። ክፉ ሰው አይደሉም፤ የደከማቸው ሰው ናቸው።

«የሄደ ሄደ፣ ወይዘሮ ትርንጎ» አሏት። «ቅዳሜ የኮንክሪት ግንብ እንጀምራለን።»

«የመንገዱ ዛፎችስ?»

«ይቆረጣሉ። ማሽኑ በየት ይግባ ታዲያ?»

ትርንጎ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኔ አመጣዋለሁ።»

«ምኑን?»

«የባሕር ዳርቻውን።»

መሐንዲሶቹ ወረቀታቸውን ተመለከቱ። ከንቲባው «ማሽኑ ሥራ ሳይጀምር ካመጡት ግንቡ ይቀራል» አሉ። በዚያው ከሰዓት ሠራተኞች ወጥተው የኒሞቹን ግንድ ሁሉ የመቆረጫ ምልክት ቀይ ቀለም ቀቡ።

ረቡዕ ጠዋት ትርንጎና ኢድሪስ በውሃ ቦቴው የተራራውን መንገድ ያዙ። ፈለጉን ለማግኘት አልተቸገሩም፤ አሸዋው በየመታጠፊያው ጥቂት ጥቂት ጥሏል። ተራራው ወገብ ላይ ካለች ሻይ ቤት አንድ የከባድ መኪና ሾፌር አገኙና ጠየቁት።

«አዎ፣ ጠመዝማዛው ላይ ተላልፈናል» አለ ስኳሩን እያማሰለ። «ቀኙን ይዞ ነበር የሚወጣው። ጥሩምባ ስነፋለት ጠበብ ብሎ አሳለፈኝ።»

«ምን ይመስል ነበር?» አለ ኢድሪስ።

«የከፋው ይመስል ነበር።»

ከተራራው ባሻገር ግራር ሜዳ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ባሕር አይታ አታውቅም፤ ያላት ውሃ አንድ የጉድጓድ ውሃ ብቻ ነው። የባሕር ዳርቻው እዚያ ነበር። ከከተማው ጫፍ፣ ከደረቁ ሜዳ አፋፍ ላይ፣ በጨውበር እንደለመደው ደጋን ሠርቶ ተኝቷል። ባሕር በሌለበት የታችኛው ጠርዙ እርጥብ ነበር። ሸርጣኖቹ እንደ ወትሯቸው ይገባሉ፣ ይወጣሉ። የግራር ሜዳ ሰዎች ጫማቸውን አውልቀው ተቀምጠውበታል፤ ፊታቸውን ወደ ሜዳው አዙረው ዝም ብለው ያያሉ። አንዲት ሴት የብርቱካን ልጣጯን መሬት ላለመጣል ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራዋለች።

ትርንጎም ጫማዋን አውልቃ ጠርዙ ላይ ቆመች። አሸዋው እንዲህ አምሮበት አይታው አታውቅም።

የከተማው ሽማግሌ ሼህ ይመር ግራር ሥር ተቀብለው አስቀመጧት።

«እንግዳችን ነው» አሉ። «ሲመጣ ደክሞት ነበር። ማን በደለህ ብለን አልጠየቅነውም፤ እንግዳ አይጠየቅም። አንቺን ግን እጠይቅሻለሁ። ምን አድርጋችሁት ነው፣ ልጄ?»

«ጎኑን በገልባጭ መኪና እየዛቁ ለፎቅ ቤት ወሰዱት» አለች ትርንጎ። «ጠርሙስ ጣሉበት። ሆቴል በሽቦ አጥሮ ለሁለት ከፈለው። እኔ ተው ብል የሚሰማኝ አጣሁ።»

ሼህ ይመር ተነሥተው ሄዱና ጆሯቸውን አሸዋው ላይ አሳረፉ። እንዲያ ሆነው ብዙ ቆዩ። ሲመለሱ ጢማቸው ላይ አሸዋ ነበር።

«እሷ ተው ብላለች ይላል» አሉ።

ትርንጎ አንገቷን ደፋች። እንባዋን ለማንም አላሳየችም።

«አሸዋው መመለሱንም አልጠላም። ግን ዋስ ይፈልጋል።»

«እኔ እሆናለሁ።»

«አንቺን ነገ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውሩሻል።»

«ከንቲባውስ?»

«ይሻራል።»

«ሕዝቡስ?»

«ሕዝብ ይረሳል፣ ልጄ። ዋስ ማለት ሥር ያለው ነው።»

ትርንጎ ይህን አሰበችበት። ከዚያ ተነሣችና ነጠላዋን አራገፈች። «ሥር ያለው አለኝ» አለች።

ሐሙስ ቀን ጨውበር ተመለሰች። ፖስታ ቤቱ ፊት ለፊት ከኒሞቹ ሁሉ ትልቁ ቆሟል። ግንዱ ላይ ቀዩ ቀለም ደምቆ ይታያል። ትርንጎ ከሥሩ ቆማ፣ ከሰው ጋር እንደምትነጋገር አድርጋ ነገሩን ከመጀመሪያው አስረዳችው። የአባቷንም ቤት ነገረችው። ቅዳሜ ስለሚመጣው መጋዝም አልደበቀችውም።

«መንገዱ ሩቅ ነው» አለችው በመጨረሻ። «ዳገትም አለው። ካልሆነልህ አልቀየምህም።»

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ኒሙ ሥሩን አንድ በአንድ ነቀለ። ሰው እንዳይገባበት አፈሩን ወደ ጉድጓዱ መልሶ አራገፈና ወደ ተራራው መራመድ ጀመረ። ኢድሪስ በቦቴው ከፊት ከፊት እየሄደ መንገዱን በውሃ ያርስለት ነበር። ትርንጎ መዳፏን ግንዱ ላይ አድርጋ ከጎኑ በእግሯ ሄደች።

ሻይ ቤቷ ጋ ሲደርሱ ኒሙ ቆመ። ፀሐዩ ከርሮ ነበር። ቅጠሉ መርገፍ ጀመረ፤ ግንዱ ውስጥ ለውስጥ ሲንቀጠቀጥ መዳፏ ላይ ተሰማት። ኢድሪስ ከቦቴው ወርዶ መጣና «እትዬ፣ ይደርቅብናል» አለ። ዛፍ ሲደርቅ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያሰማ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሁለቱም በየድርቁ ሰምተውታል።

ትርንጎ አልገፋችውም። ዛፍ ተገፍቶ አይሄድም። ነጠላዋን አውልቃ በውሃ ነከረችና የተገለጠውን ሥሩን ጠቀለለችለት። ከዚያ ጥላው ሥር ተቀምጣ ችግኝ ሳለ ስላጠጣችው ሰው ነገረችው፤ ያቺ ሰው እናቷ ነበረች፣ ከባሕሩ ማዶ የመጣውን ዘር በቆርቆሮ ጣሳ ያበቀለች። ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም ነበር። ነፋሱ ከታች ከባሕሩ በኩል ሲመጣ ኒሙ አንድ እግር ወደፊት አነሣ።

ግራር ሜዳ የደረሱት ፀሐይ ሳትገባ ነው። ሕዝቡ ተነሥቶ ቆመ። ሼህ ይመር ኒሙን ከታች እስከ ላይ አዩት።

«ዋሱ አንተ ነህ?»

ኒሙ ከጫፉ አንዲት ለምለም ቅርንጫፍ ቀንጥሶ አሸዋው ላይ ጣለ።

«በቃ» አሉ ሼህ ይመር። «ዋስ ተጠራ።» የግራር ሜዳ ሰዎች አንድ በአንድ ጫማቸውን አደረጉ። ብርቱካን የበላችው ሴት ጎንበስ ብላ አሸዋውን ሳመችው። ሽማግሌው መረቁና ትርንጎን ለብቻዋ ጠሯት። «ደግማችሁ ብትበድሉት ወደ እኛ ይመጣል። ያን ጊዜ አንሰጣችሁም።»

ቅዳሜ ጠዋት ጨውበር ውስጥ ዶዘሩ የባሕሩ መንገድ መግቢያ ላይ ቆሞ ሞተሩ ይሠራል። የሞተር መጋዝ የያዘው ሠራተኛ ከመጀመሪያው ኒም ሥር ደርሷል። አቶ ዘለለው ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ ውሃው ደረታቸው ጋ ነው። ሰው ሊያወጣቸው ሲመጣ «ቆዩ፣ የሆነ ነገር ይሰማኛል» ብለው እጃቸውን አነሡ።

በቆርቆሮ ጣራ ላይ የሚወርድ ዝናብ የሚመስል ድምፅ ከተራራው በኩል መጣ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ድምፁ እየቀረበ፣ እየሰፋ ሄደ። መጀመሪያ ቦቴው ታየ፣ ቀጥሎ ሥሩን በነጠላ የጠቀለለው ኒም። ከጎኑ ትርንጎ፣ ከኋላቸው የባሕር ዳርቻው፤ አስፋልቱን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ሞልቶ፣ ቀኙን ይዞ፣ ወርቅ መስሎ ወረደ።

እልልታው ከዓሣ ገበያው ተነሣ። ጣራ ላይ የወጡት ሴቶች ተቀበሉት፤ ወደቡ ውስጥ የነበሩ ጀልባዎች ሁሉ ጥሩምባቸውን ነፉ። ሰዎች ከሁለቱም በኩል ተሰልፈው እንደ ሙሽራ አሳለፉት። የዶዘሩ ነጂ ወደ ኋላ ተመልሶ መንገዱን ለቀቀ። ባለ መጋዙ ሞተሩን አጠፋና ባርኔጣውን አወለቀ። ከንቲባ ደምሰው ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው መንገዱ ዳር ቆመው ነበር፤ አሸዋው በእግራቸው ላይ አለፈ።

ትርንጎ ቀኝና ግራ አላየችም። እግሯ ቆስሏል፣ ከንፈሯ ደርቋል። ቀና ብላ ሄደች።

የባሕር ዳርቻው ዐለቱ ጋ ሲደርስ አንድ ጊዜ ዞሮ ቦታውን አየ፤ ከዚያ ተኛ። ባሕሩ ከፍ ብሎ መጣ፤ አየው። እሱም ቀስ ብሎ ጋደም አለ። ውሃው ከየቤቱ እየተጎተተ ወጣ። አቶ ዘለለው ልብሳቸው እየተንጠባጠበ ከበራፋቸው ወጡና ባዶ እግራቸውን አሸዋው ላይ አሳረፉ።

«ከስቷል» አሉ። ከዚያ ልጃቸውን አዩ። «አንቺም።»

ከንቲባው በዚያው ቀን የሆቴሉን ሽቦ አስነቀሉ። አሸዋ የሚጭን ገልባጭ ዳግመኛ እንዳይደርስ በሕዝቡ ፊት ትእዛዝ ሲሰጡ ኒሙ ፖስታ ቤቱ ፊት ለፊት ወዳለው ቦታው ገብቶ ሥሩን እያስተካከለ ነበር። ቀዩ ቀለም ከሁሉም ግንድ ላይ ታጠበ። ከንቲባው ወደ ትርንጎ መጥተው «ግንቡ ቀርቷል» አሏት፤ እጇንም በሁለት እጃቸው ያዙ።

አሥር ሰዓት ላይ ከተማው በሙሉ ወርዶ አሸዋው ላይ ተቀመጠ። ትርንጎ ከአባቷ ጎን ነበረች። ኢድሪስ ልጆቹን ይዞ መጣ። ብርቱካን የበላ ሁሉ ልጣጩን ኪሱ ከተተ። ፀሐይ ወደ ተራራው ጀርባ ስትዘቀዝቅ የሁሉም ጥላ ረዝሞ እስከ ውሃው ጫፍ ደረሰ። ከዚያ ሰው ልብሱን እያራገፈ ተነሣ፤ ጥላዎቹ ግን አልተነሡም።

አቶ ዘለለው ወደ እግራቸው አዩ፤ ጥላ የለም። «ይቆይ፣ አሸዋው ብቻውን አይደር» አሉና ከልጃቸው ጋር ወደ ቤት ሄዱ። ሌሎቹም ጥላቸውን ትተው ሄዱ።

ፀሐይዋ ጠለቀች። ባዶው አሸዋ ላይ የጨውበር ሰዎች ጥላ ጎን ለጎን ተቀምጦ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሯል። አንድ ማዕበል ከሌሎቹ በለጥ ብሎ መጣ። ጥላዎቹ ሁሉ እኩል እግራቸውን ሰበሰቡ።