ዓይን የሌላቸው ጀግኖች

«ጋሽ ቲጃኒ፣ ፊት ላይ ፊደል መጻፍ እንዴት መጣልዎት?»

ከኮምፔንሳቶው ግድግዳ ጀርባ ለጢፋ ጥያቄውን ስትሰማ እጇ ማውሱ ላይ ደርቆ ቀረ። የምርቃት ባነር እየሠራች ነበር። ያው ወርቃማ ፊደል፣ ያው ጽጌረዳ፣ ያው ጥቁር ጋዋን፤ የሚለወጠው የተመራቂው ጭንቅላት ብቻ ነው። ፀሐይ በማትገባባት በዚህች ጓዳ ስንት ዓመት ሙሉ ጭንቅላት ስትቀያይር ኖራለች።

ከፊት በኩል የወንድሟ ሳል ተሰማ። ቲጃኒ መልስ ሲጠፋው ያስለዋል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲሁ ነው።

«እ... ስሜት ነው» አለ በመጨረሻ። «አርት ማለት እኮ ስሜት ነው፣ ልጄ።»

«እኔ ደግሞ የማንነት ጥያቄ ነው ብዬ ነበር የጻፍኩት! ያቤፅ፣ ቀርፀኸዋል አይደል?»

ለጢፋ ሳቋን በሂጃቧ ጫፍ አፈነችው። ስሜት! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ስሜትም ማንነትም አልነበረም፤ የእናታቸው ቁጣ ነበር።

ጠያቂዋ ልያ የምትባል የአዲስ አበባ ልጅ ናት። የግራፊክስ ባለሙያ ነች፤ ከካሜራ ባለሙያው ከያቤፅ ጋር ጠዋት ጅማ ገብታለች። ከወራት በፊት፣ በጅማ መንገድ ላይ ባለችው ሰኮሩ፣ አንድ ነጋዴ መጋዘን ገብታ፣ ቡና የተሸፈነባቸው ያረጁ ጆንያዎች ላይ የቪዲዮ ቤት ማስታወቂያ ተስሎ አገኘች። ሽጉጥ የያዘ፣ ፈረስ የሚጋልብ፣ ከገደል የሚዘል ጀግና፤ ሁሉም ዓይናቸው ሊኖር በሚገባው ቦታ ላይ የፊልሙ ስም በትልልቅ ፊደል ተጋድሞበታል። ጥግ ላይ «ቲጃኒ አርት» ይላል። ጠይቃ ጠያይቃ ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር፣ ይኸው ስም የተሰቀለበት የባነር ማተሚያ ድረስ መጣች። ሥዕሎቹን በኤግዚቢሽን ልታሳይ፣ በመጽሐፍም ልታሳትም ነው።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ ሄርማታ ገበያ አጠገብ ቪዲዮ ቤት ሲከፈት፣ ለጢፋ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች። ጨዋ ልጅ ቪዲዮ ቤት አትገባም። ቲጃኒ ይገባል፤ አይቶ ሲመለስ ጓሮ ቁጭ አድርጓት ፊልሙን ከነተኩሱ፣ ከነግልቢያው ይነግራታል፤ እሷ የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት በሰጠው ጆንያ ላይ ትስላለች። እናታቸው ያዩ ቀን ቤቱ ቀውጢ ሆነ። «አስተግፊሩላህ! ዓይን ያለው ነገር ሥለሽ የቂያማ ቀን ነፍስ ዝሪበት ብትባዪ ምን ልትመልሺ ነው?» ለጢፋም አልቅሳ አልቅሳ ስታበቃ አንድ መላ መጣላት፤ የፊልሙን ስም ዓይናቸው ላይ ጻፈችበት። እናትየው አዩት፣ ገልበጥ አድርገው አዩት፣ «እንዲህ ከሆነ ይሁን» አሉ። ይኸው ነው ስሜቱ!

ጥጉ ላይ ደግሞ ቲጃኒ የራሱን ስም ጻፈ። ሴት ልጅ ለቪዲዮ ቤት ትስላለች ከተባለ ማን ያገባታል? «አንቺን ልሸፍንሽ ብዬ ነው» አላት፤ ያኔ እውነቱን ነበር። በኋላ ግን ሽፋኑን የሚያነሳው ጠፋ። ሸቤ ከተማ አገባች፣ ባሏ ሞተ፣ ልጇን ፊርዶስን አዝላ ተመለሰች። ቲጃኒ በሩን ከፈተላት፣ ፊርዶስን እንደ ልጁ አስተምሮ ለወግ ለማዕረግ አበቃ። በገመድ ያሰራት ቢሆን ትበጥሰው ነበር። ውለታ ግን በምን ይበጠሳል?

«ይቺ ሄሊኮፕተርስ?» ልያ ቀጠለች። «የአንበጣ እግር አላት እኮ! ይሄ ድፍረት ከየት መጣ?»

ሳል። ለጢፋ ሄሊኮፕተር አይታ አታውቅም ነበር። «አንበጣ በያት፣ አናቷ ላይ ክንፍ ያላት» ያላት ራሱ ቲጃኒ ነው፤ አሁን ረስቶታል።

«ለማንኛውም፣ ካሜራ ፊት አንድ ይስሉልናል። የመጽሐፉ መክፈቻ እርስዎ ነዎት፤ ስምዎ በትልቁ ይታተማል። ነገ ለኅትመት ይገባል።»

«ካሜራ ፊት?» ሳሉ በዛ። «እጄን... ቀኝ እጄን አሞኝ ነው እንጂ። ግን የጀመርኩት አንድ አለ፤ በአንድ እጄም ቢሆን እጨርሰዋለሁ። ምሳችሁን በልታችሁ ተመለሱ።»

ሲወጡ ቲጃኒ ወደ ጓዳ ገባ። ግንባሩ ላብ አውጥቷል።

«ሰማሽ አይደል?»

«ሰማሁ። ስሜት ነው አልክ።»

«ለጡ፣ በአላህ አትቀልጂብኝ። ዛሬን ብቻ ሥዪልኝ። ምን ልበላቸው? ይሄን ሁሉ ዘመን ዋሽቼ ኖርኩ ልበል? መስጊድ በየት በኩል እገባለሁ?»

«እኔስ?» አለች፤ ቃሉ ሳታስበው ነው ያመለጣት።

«አንቺ ምን?»

ፊቷን ወደ ስክሪኑ መለሰች። ስሟ ጆንያ ላይ አለመኖሩን ችላው ነበር፤ ጆንያ አይጥ ይበላዋል። መጽሐፍ ግን ይቀመጣል። ፊርዶስ አንድ ቀን ገልጣ የአጎቷን ስም ታነባለች፤ የእናቷ እጅ ነው የሚላት ሰው አይኖርም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የሷ ዝምታ ግን ከነቀዘ ቆይቷል።

ቲጃኒ ከኪሱ ፋሻ አውጥቶ ቀኝ እጁን መጠቅለል ጀመረ። በግራ እጁ አልሆን ስላለው ራሷ ተነስታ ቋጠረችለት። ምን ታድርግ?

ዕቃ ቤት ውስጥ አዲስ ጆንያ ዘረጋች፣ የቀለም ጣሳዎቹን ከፈተች። የቀለም ማቅጠኛው አኳራጅ ሲሸታት ዓይኗ እንባ አቀረረ። ቡሩሹን አነሳችና ቆመች።

«በል ንገረኝ።»

«ምኑን?»

«ፊልሙን ነዋ! ሳትነግረኝ ሥዬ አውቃለሁ?»

ቲጃኒ መጀመሪያ አፈረ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። «እሺ... ሰውዬው ድልድይ ላይ ተንጠልጥሏል። በአንድ እጁ!»

«ወንዙ እንደ ጊቤ ነው?»

«ከጊቤ ይብሳል እንጂ! አዞ አለው። ጠላቶቹ ከላይ ሆነው ጣቱን ይረግጡታል...»

«ይወድቃል?»

«ሜ፣ ተይ እባክሽ! ጀግና ይወድቃል እንዴ?» አለና፣ መንጠልጠሉን ሊያሳያት በታመመው እጁ መደርደሪያውን ያዘ። ሁለቱም ፋሻውን እኩል አዩትና በሳቅ ፈረሱ። ከልባቸው ነው የሳቁት። ለጢፋ እየሳቀች ትስላለች፤ እጇ አልረሳም፤ ሰማያዊው ወንዝ ከቡሩሹ እየፈሰሰ ጣቷን፣ መዳፏን አጥለቀለቀው። ከድልድዩ ስር የምታውቀውን የሄርማታን ገበያ ደረደረች። ፊደሉን ዓይኑ ላይ ስታጋድም ቲጃኒ ትንፋሹን ውጦ ያያት ነበር። ልጅነታቸው በሩን ከፍቶ የገባ መሰላት፤ እሱም አሁን አንድ ነገር የሚላት መሰላት።

«በይ ስሙን ጻፊበት» አለ። «እኔ እንዳልጽፍ እጄን...» ፋሻውን አሳያት፤ ከልቡ የታመመ ነው የሚመስለው።

ሳቋ ጠፋ። ጥጉ ላይ «ቲጃኒ አርት» ብላ ጻፈች፤ ልክ ድሮ እሱ ይጽፈው እንደነበረው፣ አንድም ፊደል ሳታዛንፍ።

«አላህ ይስጥሽ፣ እህቴ። አሁን እጅሽን በአኳራጅ አጥሪና በጓሮ በር ውጪ። ወደ ቤት ሂጂ፣ ትንሽ አረፍ በይ።»

ይኸን ብሎ ጆንያውን በግራ እጁ ጎትቶ ወጣ። እንግዶቹ ተመልሰው ነበር፤ የልያ ጩኸት ቤቱን ሞላው። ለጢፋ የአኳራጁን ጠርሙስ አየችው። የጓሮውን በር አየችው። ሁለቱም እጇ የሚደርስበት ቦታ ናቸው። እግሯ ግን አልንቀሳቀስ አላት።

«ገና እርጥብ ነው እኮ! በግራ እጅዎ ነው ይሄ ሁሉ?» አለች ልያ።

«በግራ ነው። አላህ ሲያግዝ...»

«ከኋላ ሰው አለ መሰለኝ። ማናቸው?»

«እህቴ ናት። ኮምፒውተር ላይ ታግዘኛለች።»

«ውይ፣ ሰላም ሳንላቸው! ነውር ነው፤ ይጥሯቸው እንጂ።»

እንግዳ ሰላም ልበል ካለ እንቢ አይባልም። «ለጡ፣ ኮቱ፣ ነይ ሰላም በያቸው» አለ ቲጃኒ፣ ድምፁ እየቀጠነ። ለጢፋ ወጣች። እጇን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ቶሎ ብሎም፣ «ቀለም ስታቀብለኝ ተነካክታ ነው። አንጓዋን ያዣት፣ ልጄ» አለ።

ልያ ፈገግ ብላ እጇን ዘረጋች። የለጢፋም እጅ በልማዱ ጣቱን ወደ ውስጥ አጥፎ አንጓውን አስቀደመ። ዕድሜ ልኳን የለመደችው ነው፤ የሰው እጅ እንዳይቆሽሽ። እዚያው አየር ላይ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብላ አቀናችው፣ መዳፏን ከፈተች፣ የልጅቱን እጅ ሙሉውን፣ አጥብቃ ጨበጠችው።

ልያ እጇን ስታነሳ መዳፏ ሰማያዊ ሆኗል። መዳፏን አየች። የጆንያውን ወንዝ አየች። የቲጃኒን ፋሻ አየች፤ አንዲት ጠብታ ቀለም የለበትም። ያቤፅ ካሜራውን ከትከሻው አወረደ።

ቲጃኒን አላሳለውም። የፋሻውን ቋጠሮ አየ።

ለጢፋ የደንበኞቹን ወንበር ስባ፣ በዚያ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ከፊት ተቀመጠች።

«ፊደሉ ለምን ዓይን ላይ እንደሚጻፍ ጠይቀሽ ነበር» አለች። «በይ፣ አሁን እኔን ጠይቂኝ።»