ወይራ የታጠነው የጉንዳን ቤት

«ወይራ ሸተተኝ» አሉ ጋሽ ከቢር።

ጌጤ ከጣልያን ምሽግ በር ገባ ብሎ ካለው ግራር ሥር፣ በነጠላዋ የጠቀለለችውን ሸክላ ጭኗ ላይ አቅፋ ተቀምጣለች። ሽማግሌውም ራቅ ብለው ተቀምጠዋል፤ ከዋንዛ የጠረቡትን ሥራቸውን ኩታቸውን አልብሰው ከጎናቸው አኑረውታል። ጎህ ሲቀድ ነው ሁለቱም የመጡት። የሸዋ ሮቢት ፀሐይ ገና በጠዋቱ ድንጋዩን ማጋል ጀምራለች፤ ዘበኛው አስካሪ እንኳ ጠመንጃውን ታቅፎ ግድግዳ ለግድግዳ ጥላ ይፈልጋል።

«ጌጤ፣ አንቺን እኮ ነው። አጠንሽው እንዴ?»

«ታዲያስ! ሳላጥን ዕቃ ከቤቴ አውጥቼ አውቃለሁ?» አለች፤ ድምጿ ውስጥ ኩራት ነበረበት።

ጋሽ ከቢር አንገታቸውን አቀርቅረው መሬቱን በጣታቸው ይጭሩ ጀመር። የሚሉት ነገር ከብዷቸው እንደሆነ ያስታውቃል። «ጎተራሽን ጉንዳን ሲወረው በምንድን ነው የምታባርሪው?» ሲሉ ጠየቋት።

ጌጤ ያቀፈችውን ቁልቁል አየች። በወይራ ጭስ ነበር የምታባርረው። የቆላ ሰው ሁሉ ጉንዳን የሚያባርረው በወይራ ጭስ ነው። ያቀፈችው ሸክላ ደግሞ የጉንዳን ቤት ነበር።

ነገሩ ለሰሚው ቀልድ ይመስላል። ምሽጉን የሚያዘው ጣልያን፣ ሰው ካፒቴኑ የሚለው፣ ጉንዳን ያረባል። ዶሮ የሚያረባ አለ፤ ንብ የሚያረባ አለ፤ እሱ ጉንዳን ነው። ማር አይሰጡት፣ እንቁላል አይጥሉለት፤ ማታ ማታ ወንበር ስቦ ሲያያቸው ያመሻል። ከአገሩ ያመጣው የመስታወት ሣጥን ግን የይፋትን ሙቀት አልቻለውም። ተሰነጠቀ፤ ጉንዳኖቹም ያልቁ ጀመር።

በዚያው ሰሞን ከካራቆሬ በታች የስልክ ሽቦ ተቆርጦ ተገኘ። ማን እንደቆረጠው የሚያውቅ አልነበረምና ከገበያ ሲመለስ መንገድ ላይ የተገኘ ወንድ ሁሉ ታፈሰ። የጌጤ ባል አበጋዝና የጋሽ ከቢር ልጅ ሷሊሕ በአንድ ገመድ ተጠፍረው ነው ምሽጉ የገቡት። አሁን አንዱ በዚህኛው ጫፍ፣ ሌላው በዚያኛው ጫፍ ለየብቻ ተዘግቶባቸዋል። ነገ ማለዳ ካሚዮን ይመጣል። በዚያ ካሚዮን ተጭኖ የሄደ ሰው እስከዛሬ ሲመለስ አልታየም።

ጌጤና ጋሽ ከቢር ተያይዘው ካፒቴኑ እግር ላይ የወደቁ ዕለት ሙያቸውን አስጠየቃቸው። አስተርጓሚው አብዱልሃዲ ነበር፤ አሰብ ወደብ ሸክም ሲሸከም ጣልያንኛ የለመደ የካራቆሬ ሰው። እሷ ሸክላ ሠሪ፣ እሳቸው ገበጣ ጠራቢ መሆናቸውን ሲሰማ ካፒቴኑ ሳቀ። ከዚያ ለሁለቱም ልኩ አንድ የሆነ መስታወት ሰጣቸው። በዚህ የሚከደን የጉንዳን ቤት ሠርታችሁ አምጡ፤ ሥራው የተመረጠለት አንድ እስረኛ ይዞ ይሄዳል አለ። መራጮቹ ደግሞ ራሳቸው ጉንዳኖቹ ናቸው።

«አንድ ስም ነው» ብሎ ነበር አብዱልሃዲ ሲያሰናብታቸው፣ ድምጹን ዝቅ አድርጎ። «ሁለተኛ ስም ያነሳ የመጀመሪያውንም ያጣል። ያለው እሱ ነው፤ እኔን እንዳትቀየሙኝ።»

ጌጤ ከዚያን ዕለት ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ከሮቢ ወንዝ ዳር ጭቃ አወጣች፤ አበጠረች፤ አቦካች። አፈር ስትቆፍር ስንት ጊዜ የጉንዳን ቤት አፍርሳለች፤ ክፍሎቹን፣ ክፍል ከክፍል የሚያገናኙትን ቀጫጭን መንገዶች እያስታወሰች ሠራችው። ስትሠራም ክፉ ተመኘች። የከቢር ዋንዛ ይሰንጠቅ አለች። እጃቸውን መጥረቢያው ይምታው አለች። ወዲያው ደንግጣ አማተበች፤ ግን ብላዋለች። ሸክላው ተተኩሶ ሲወጣ እጇ የለመደውን አደረገ፦ ከደጋው አፋፍ የመጣላትን የወይራ ፍልጥ አጭሳ ደፋችበት። ያልታጠነ ዕቃ ለእሷ ያልተጠመቀ ልጅ ነው። ጠይብ ናት ብሎ በሩቁ የሚሸሻት ሰው ሁሉ ገበያ ላይ ዕቃዋን አሽትቶ የሚገዛት በዚሁ ጭሷ ነው። ምን እንደሚገባበት አላሰበችም።

«ገደልኩት» አለች አሁን፣ በሹክሹክታ። «ጋሽ ከቢር፣ አበጋዝን በእጄ ገደልኩት።»

ወንዙ ቅርብ ነው፤ ድምጹ ይሰማል። ግን አስካሪው አንዴ የገባን ሰው አያስወጣም። ብትለምነው ፊቱን አዞረባት። ጌጤ ሸክላውን ገልጣ በነጠላዋ ጫፍ ትፈትገው ጀመር፤ ጭሱ ግን ገላው ውስጥ ገብቷል። እንባዋ ወርዶ ሸክላው ላይ ሲንጠባጠብ ወዲያው እየጠጣ አደረቀው።

ጋሽ ከቢር የሚያደርጉትን ሁሉ ቀስ ብለው ነው የሚያደርጉት። ቀስ ብለው ተነሡ። ለቀትር ሰላት ውዱእ አድርገው ሊታጠቡበት ከቤት ይዘውት የመጡትን የውሃ ቅል አነሡና መጥተው አጠገቧ ቁጢጥ አሉ። ከግራሩ ሥር ጉንዳን ቆፍሮ ያወጣውን ልም አፈር በመዳፋቸው ዘግነው ሸክላው ውስጥ በተኑት።

«እሺ በዚህ ፈትጊው። እኔ ላፍስስልሽ።»

«ምን እያደረጉ ነው?» አለች ጌጤ፤ እጇን ሰበሰበች። «ሷሊሕስ?»

«ሷሊሕን አላህ ያውቅለታል።»

«ዝም ቢሉኝ እኮ አስፈትተውት ነበር!»

«ዝም ልልሽ ነበር» አሉ ጋሽ ከቢር። «ወላሂ፣ ሲሸተኝ መጀመሪያ ደስ ነው ያለኝ። ኋላ ግን አሰብኩት። ስህተትሽን እያየሁ አፌን ዘግቼ ልጄን ባስፈታ፣ ነገ ከሰው ጋር በምን ዓይኔ ልተያይ? በይ ፈትጊ፤ ሊጠሩን ነው።»

ፈተገችው። እሳቸው ያፈሳሉ፣ እሷ ትፈትጋለች። የመጀመሪያው ውሃ ጠቁሮ ወጣ፤ እየቆየ ጠራ። ሸክላው ሲጠጣ ሲጠጣ ቅሉን ባዶ አስቀረው። አንስታ ስታሸተው የወይራው ሽታ ጨርሶ አልለቀቀም፤ የእርጥብ አፈሩ ሽታ ግን በልጦታል።

አብዱልሃዲ ብቅ ብሎ ጠራቸው።

የካፒቴኑ በረንዳ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ጠረጴዛው ላይ የተሰነጠቀው ሣጥን ተቀምጧል። ካፒቴኑ ዋንዛውን በቀኙ፣ ሸክላውን በግራው አደረገና በየራሳቸው መስታወት ከደናቸው፤ ውስጡ ለጉንዳኖቹ ጨለማ እንዲሆንም ጨርቅ አለበሳቸው። ከሣጥኑ ወደ ሁለቱም ቀጫጭን እንጨት እንደ ድልድይ ዘረጋ። በመጨረሻ የሣጥኑን መሸፈኛ አነሣው። ብርሃን ሲገባባቸው ጉንዳኖቹ ተተራመሱ።

የጋሽ ከቢር ሥራ ያምራል። ገበጣ የለመደ እጅ የጠረበው ነውና ጉድጓዶቹ ልሙጥ፣ መንገዶቹ ቀጥ ያሉ ናቸው። ጌጤ አይታው ልቧ ወረደ።

ካፒቴኑ ሲጋራውን አጭሶ ሲጨርስ የዋንዛውን ጨርቅ ገለጥ አደረገ። ጉንዳኖች ገብተዋል፤ ከጉድጓድ ጉድጓድ ይመላለሳሉ። የሸክላውን ገለጠ። በሩ ላይ አንዲት ጉንዳን ብቻ ቆማ ቀንዷን ታወዛውዛለች። ወደ ውስጥ አንድ ጊዜ ሰገግ አለችና ዞራ በመጣችበት ሄደች።

ጌጤ የበረንዳውን ምሰሶ ያዘች። ከጉንዳን ፍርድ የምትጠብቅ ሴት ሆና መቅረቷ አሳፈራት፤ ቢሆንም እመቤቴ ማርያም መልሻት፣ ያቺን አንዷን ብቻ መልሻት እያለች ትለምን ነበር።

ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። ቆርቆሮው በሙቀት ይንጣጣ ጀመር። ከመንደሩ የቀትር አዛን ሲሰማ ጋሽ ከቢር ከበረንዳው ወረዱ። ቅሉን እንደ ልማድ አነሡት፤ ቀለላቸው። መልሰው አስቀመጡትና ሁለት መዳፋቸውን አቧራው ላይ አሳርፈው፣ ውሃ እንዳጣ መንገደኛ ፊታቸውንና እጃቸውን በአፈር አበሱ። ጌጤ ዓይኗን ከእሳቸው ላይ ማንሣት አቃታት።

ሰግደው ሲጨርሱ ካፒቴኑ ከወንበሩ ተነሥቶ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ ነበር።

ጉንዳኖቹ ከዋንዛው እየወጡ ነው። ደረቁ እንጨት ግሏል። አንድ መስመር ሠርተው፣ ነጫጭ እንቁላሎቻቸውን በአፋቸው ይዘው፣ በሣጥኑ ላይ አድርገው ወደ ሸክላው ይጎርፋሉ። በሩ ላይ እንደ ቅድሙ የሚያመነታ የለም። ሸክላው እርጥብ ነው፤ ቀዝቃዛ ነው። ትንሽ ቆይታ አውራዋ፣ ከሁሉም የምትገዝፈው፣ በብዙዎች ታጅባ ድልድዩን ተሻገረች። ሆዷን እየጎተተች ገባች።

ካፒቴኑ ጣቱን ሸክላው ላይ አኖረና አንዲት ቃል ተናገረ።

«ተመረጠልሽ» አለ አብዱልሃዲ፤ እሱም ሳያስበው ፈገግ ብሏል። «የማንን ስም ልንገረው?»

ስሙ ምላሷ ላይ ነበር። ስንት ሌሊት ያላመጠችው ስም ነው። ጌጤ ግን ወደ ታች አየች። ጋሽ ከቢር የበረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል፤ ባዶው ቅል ጉልበታቸው ላይ ነው፤ ያበሱበት አቧራ ገና ግንባራቸው ላይ አለ። ወደ እሷ አልዞሩም።

«ጥሪው እንጂ ልጄ» አሉ። «ባልሽ አይደል?»

ድምጻቸው ውስጥ ቅያሜ ፈልጋ አጣች። ቢቀየሟት ይቀላት ነበር።

«አብዱልሃዲ» አለች። «ሸክላው የእኔ ነው በለው። ያረጠበው ውሃ የጋሽ ከቢር ነው። ጉንዳኖቹ የገቡት ለውሃው ነው። ቤቱ የሁለታችን ነው በለው። አበጋዝ በለው፤ ሷሊሕ በለው።»

አስተርጓሚው ፈገግታው ጠፋ። «አብደሻል? አንድ ስም ነው ብዬሻለሁ። ሁለቱንም ታስገድያቸዋለሽ። እስካሁን ያልሽውን እኔ ብቻ ነኝ የሰማሁት፤ የባልሽን ስም ልንገረውና ይዘሽው ሂጂ።»

«ጌጤ!» አሉ ጋሽ ከቢር፤ ዘለው ተነሥተዋል። «ተይ! ለእኔ ብለሽ እንዳታደርጊው!»

ጌጤ አበጋዝ ይህን ቢሰማ ምን እንደሚላት አታውቅም፤ ይርገማት ይመርቃት አታውቅም።

«ያልኩህን በለው» አለች።

አብዱልሃዲ ወደ ካፒቴኑ ዞሮ ተረጎመ። ረጅም ነበር፤ መሐል ላይ ሁለቱንም ስሞች ሰማቻቸው። ካፒቴኑ ፊቱን አጨፈገገ። ሴትዮዋን አየ፤ ሽማግሌውን አየ፤ ቅሉን አየ። ወደ ሸክላው ተመልሶ ጨርቁን ገለጠና በመስታወቱ ቁልቁል ሲመለከት ቆየ። ከዚያ አስካሪውን በጣቱ ጠርቶ ጆሮው ሥር አንሾካሸከለት። አስካሪው የቁልፉን ቀለበት ከችንካሩ ላይ አንሥቶ ወደ ጓሮ ሄደ።

«ምን አለው?»

«አልሰማሁም» አለ አብዱልሃዲ። «በእናቴ፣ አልሰማሁም።»

ጌጤ ከበረንዳው ወርዳ ከጋሽ ከቢር ጎን አቧራው ላይ ቁጭ አለች። ከጓሮ የቁልፉ ቅጭልታ ተሰማ። መቀርቀሪያ እየተንቋቋ ተሳበ፤ በር ተከፈተ። የየትኛው ጫፍ በር እንደሆነ ሁለቱም አለዩትም። የሰው እግር ድንጋዩ ላይ ተንሸራተተ።

አልተያዩም። የሁለተኛውን መቀርቀሪያ ድምጽ ጠበቁ።