የሁንጋ ልጆች ዴስክ

ሎሳሊኔ ሰው ፊት መናገር አይሆንላትም። ቅንድብን ከፍ ማድረግ «አዎ» ለማለት በሚበቃበት አገር፣ በቶንጋ፣ በመወለዷ እስከ አሥራ ሦስት ዓመቷ ብዙም አልተቸገረችም። እናቷም «ዝም አይነቅዝም» እያለች ነው ያሳደገቻት።

ችግሩ የመጣው ከሁንጋ ደሴት በጀልባ ተሻግራ ኔያፉ ሁለተኛ ደረጃ ስትገባ ነው። ከክፍሉ ልጆች የምታውቀው አንድ ብቻ ነበር፤ የአጎቷን ልጅ ሳሚዌላን።

መምህሩ ሚስተር ደንካን ዘንድሮ ከኒውዚላንድ የመጡ ናቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ጣጣውም የመጣው ከደግነታቸው ነው። አንገቷን ደፍታ በሩ ላይ የተገተረችውን ልጅ አይተው አዘኑላት።

«ከሁንጋ የመጣ ሌላ ማነው?» ብለው ጠየቁ። ሳሚዌላ እጁን አወጣ።

«በጣም ጥሩ! በይ ካገርሽ ልጅ ጋር ተቀመጪ፤ ብቸኝነት አይሰማሽም።»

ሎሳሊኔ ተቀመጠች። ሳሚዌላ ብድግ አለ።

በቶንጋ የአጎት ልጅ ወንድም ነው። ወንድምና እህት ደግሞ ካደጉ ወዲያ ጎን ለጎን አይቀመጡም፣ አብረው አይቀልዱም፤ እነሱ ባሉበትም ነውር ቃል አይወራም። ይህን የማያውቅ ተማሪ የለም። ግን የሁለቱ የአባት ስም ስለማይገናኝ ዘመዳሞች መሆናቸውን ማንም አላወቀም።

«ተቀመጥ እንጂ!» አሉ ሚስተር ደንካን።

ሳሚዌላ እጁን አጣምሮ መሬት መሬት አየ። ታላቅ ሲቆጣ መልስ መስጠት ብልግና ነው ተብሎ ያደገ ልጅ ነው። እሳቸው ግን ዝምታውን ከእልህ ቆጠሩት።

ከኋላ ምላሱ ማረፍ የማያውቅ ፈሌቲ የሚባል ልጅ አለ። «ቲቸር፣ ሙሽራው አፍሮ ነው! ምንጣፍ ይነጠፍላቸው!» ሲል ክፍሉ አውካካ። የሳሚዌላ ጆሮ በርበሬ መሰለ። ሎሳሊኔ ምድር ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

በማግስቱም ቆሞ ዋለ። ያን ዕለት ሚስተር ደንካን ትዕግሥታቸው አለቀ፤ «ነገ ካልተቀመጥክ በጀልባው ወደ አባትህ ትመለሳለህ» አሉት። የሁንጋ ሰው ልጁን ኔያፉ አድርሶ ለማስተማር ስንት ዓመት እንደሚለፋ እሳቸው ከየት ያውቁታል?

ሎሳሊኔ በሆዷ የያዘችው ሌላ ነገር ነበር። መምህሩ አብረው እንዲቀመጡ ማዘዛቸው ደስ ብሏት ነበር! ልጆች ሳሉ ከሳሚዌላ ጋር በባሕሩ ዳር ሸርጣን እያባረሩ ነው ያደጉት። እሱ ትንሽ ከፍ ሲልና ከወንዶቹ ጋር ለብቻ ማደር ሲጀምር ሁሉም ነገር ቆመ፤ ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ካያት ዞር ይላል። እዚህ ግን ማንም አያውቃቸውም። ማንም እስካላወቀ ድረስ እንደ ድሮው መሆን አይቻልም? ብላ ተመኝታለች። ከእሱ ሌላ ጓደኛ የምትለው ሰው አልነበራትም።

ከትምህርት ስትመለስ፣ ኔያፉ ቤቷ ያስጠጋቻት አክስቷ ቪካ ካሳቫ እየላጠች ነበር።

«ፊትሽ ምን ሆኗል?»

ሎሳሊኔ ነገረቻት። ቪካ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ጉድ! አንድ ዴስክ ላይ? ልጁስ ዝም አለ?»

«ዝም አለ።»

«ምን ይበል ታዲያ? አንቺ የአባቱ እህት ልጅ ነሽ። በአገራችን ወግ የእህት ልጅ የበላይ ናት፤ አንቺ እያለሽ እሱ ምን አፍ አለው? አድጎ ሲያገባ ሠርጉ ላይ ከሁሉ በላይ የምትቀመጪው አንቺ ነሽ። እኮ አንቺን እየጠበቀ ነዋ የቆመው!»

«እኔ እኮ ሰው ፊት መናገር አልችልም፣ አክስቴ።»

«ማን ጩኺ አለሽ? ብቻ ምኑ እንደሆንሽ ንገሪያቸው። ከዚያ በኋላ ግን እዚህም ያው እንደ ሁንጋ ይርቅሻል፣ እወቂው» አለችና ወደ ካሳቫዋ ተመለሰች።

ጠዋት ሳሚዌላ የልብሱን ቅርጫት ይዞ መጣ። ላይቀመጥ ቆርጧል ማለት ነው።

«እሺ፣ ሳሚዌላ?» አሉ ሚስተር ደንካን።

«ቲቸር፣ ሙሽሪት ጭኗ ላይ ታስቀምጠው!» አለ ፈሌቲ።

ሎሳሊኔ ተነሳች።

«ወንድሜ ነው» አለች።

ድምጿን የሰሙት ከፊቷ ያሉት ብቻ ናቸው። እነሱ ለጎናቸው ነገሩ፣ ሳቁም ከፊት ወደ ኋላ እየጠፋ ሄደ። ነገሩ ፈሌቲ ዘንድ ሲደርስ ልጁ ከወንበሩ ወርዶ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ይቅር በይኝ፤ አላወቅሁም። በናቴ ሞት አላወቅሁም!» አላት። ሳሚዌላን ቀና ብሎ ለማየትም አልደፈረም።

ሚስተር ደንካን ግራ ገባቸው። «ወንድምሽ ከሆነ እንዲያውም…» ብለው ጀመሩና የልጆቹን ፊት አይተው ተዉት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ምን ይሻላል ትያለሽ?» አሏት።

«እሱ በመስኮቱ በኩል፣ ከፊት ይቀመጥ። እኔ እዚሁ እሆናለሁ።»

ይሄኛውን ሁሉም ሰማ። ሳሚዌላ ቅርጫቱን አንስቶ በአጠገቧ ሲያልፍ ወገቡን ሰበር አደረገ፤ ፊቷን ግን አላየም። ታላቅ አክብሮት ነው፤ እሷም ታውቀዋለች።

ከዚያን ዕለት ወዲህ ሎሳሊኔ ባለችበት ክፍል ባለጌ ቃል የሚወጣው አልተገኘም። በዕረፍት ሰዓት የፈሌቲ ጎረቤት የሆነች ልጅ መጥታ ባዶው ቦታ ላይ ልቀመጥ ወይ ብላ ስትጠይቃት ቅንድቧን ከፍ አደረገችላት።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከትምህርት ሲለቀቁ ሎሳሊኔ ወደ ወደቡ በሚወስደው መንገድ ላይ ሳሚዌላን ከሩቅ አየችው። እሱም አያት፤ መንገዱን ተሻግሮ በወዲያኛው ጠርዝ ሄደ። አለቀሰች። ትምህርት ቤት እንዲቆይ ያደረገው ቃል ራሱ ነው ከእሷ ያራቀው፤ ይህንንም አውቃው ነበር የተናገረችው።