ባለቤቱን የገደልሁት ብዕር

ከብር ወንዝ እስከ ፈጣም፣ ከፈጣም እስከ ዓባይ በረሃ ድረስ እንደ እኔ ያለ ባለ ብዕር አልተፈጠረም። አሥራ ሁለት ብዕር ነበረኝ። ባለቤቴ ሸጋዬ ስድስት ናቸው ትላለች፤ የተሰበሩትን ስለማትቆጥር ነው። እኔ ግን እቆጥራለሁ። ጀግና ስለ ቆሰለ ከጭፍራው ይሰረዛል እንዴ?

ሥራዬ ቁም ጽሕፈት ነው። ብራና ላይ ዳዊትና ድርሳን እጽፋለሁ። ጽሕፈቴን አይተው ያለቀሱ ቄስ አሉ። ዓይናቸውን ያማቸው ነበር የሚሉ ሰዎች ቢኖሩም፣ ምቀኛ የሌለበት አገር የት አለ?

ብዕሮቼን እንደ ፈረስ ስም አውጥቼላቸው ነበር። አባ መብረቅ ከላህ ወንዝ ዳር የተቆረጠ መቃ ነው፤ ቀጭን፣ ለጥቃቅን ፊደል የሚሆን። አባ ግርማ ከሽንዲ በታች ካለው ቆላ የመጣ፣ ወፍራም፣ ለአርእስት ብቻ የሚነሣ። እመት ቀይ ደግሞ የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም የምትጽፍ፣ ጥቁር ነክቷት የማያውቅ እመቤት ናት። ለሁሉም ለዳዊት የሚሰፋውን ዓይነት የቆዳ ማኅደር አሰፍቼላቸው በትከሻዬ አንግቻቸው እዞራለሁ።

መቃ ቀርጾ የማያውቅ ሰው ስለ ደስታ አያውራኝ። አፉን ሰያፍ ትቆርጠዋለህ፤ ጫፉን በሰንጢ መሀል ለመሀል ትሰነጥቀዋለህ። ያን ጊዜ "ጠቅ" ይላል። ያቺን "ጠቅ" ለመስማት ስል ብቻ ስንት ደኅና መቃ እንደጨረስሁ እግዜር ያውቃል። ከዚያ ከቀለም ቀንዱ ነክረህ ብራናው ላይ ስታሳርፈው፣ በሬ ጭድ ሲያላምጥ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ያወጣል። ሸጋዬ ይህን ስትሰማ "ጥርሴን አሳከከኝ" ብላ ከቤት ትወጣለች።

አሥራ ሦስተኛው ብዕር የመጣው ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ በክረምት ነው። ያኔ ከተማችን ፍኖተ ሰላም ይህን ስሟን ገና አላገኘችም፤ ወጀት ነበር የምትባለው። ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ በመንገዱ በካሚዮን ይመላለሳል። አርበኞቻችን ጫካውንና ገደሉን ይዘዋል። እኔ መሀል ላይ ብዕሮቼን ይዤ ነበርሁ።

ብዕሩን እንዴት እንዳገኘሁት በማኅበር፣ በሠርግ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር የተናገርሁት እንዲህ ነው። ፈጣም መሻገሪያ ላይ ብቻዬን ስሄድ አንድ የጣሊያን ሻምበል በበቅሎ መጣ። ሽጉጡን መዘዘ። ዱላዬን አነሣሁ። አንዴ ነው የመታሁት። ሲወድቅ የፈጣም ውኃ ለአፍታ መፍሰሱን ተወ። ከደረት ኪሱ ብዕሩን ወስጄ መንገዴን ቀጠልሁ። ሰውየው በጥር ሻምበል ነበር፤ በመጋቢት ሻለቃ ሆነ፤ በግንቦት ኮሎኔል ላደርገው ስል ሸጋዬ በሰው ፊት "አንቱ፣ ከሞተ በኋላ ማነው እንዲህ የሚሾመው?" ብላ ሹመቱን አስቆመችብኝ። ሸጋዬ ስታሾፍብኝ "አንቱ" ነው የምትለኝ።

ብዕሩ ግን ብዕር ነበር! ቀለሙን ሆዱ ውስጥ ይዞ የሚሄድ፣ ገላው እንደ ጎመን ቅጠል አረንጓዴ፣ ጥቁር ደም ሥር የወረደበት፤ አፉ ወርቅ፤ ክዳኑ ላይ ኪስ የሚነክስበት የወርቅ መንጠቆ ያለው።

አንዲት ነገር ብቻ ለማንም አልተናገርሁም፤ አይጽፍም። ባገኘሁት ዕለት የኋላውን ጠምዝዤ ከፍቼ የራሴን ቀለም ሞላሁበት። የእኔ ቀለም የድስት ጥላሸትና ያረረ ገብስ ተወቅጦ፣ ስድስት ወር ተብላልቶ የሚወጣ፣ መቶ ዓመት የማይለቅ ቀለም ነው። መቃ ይወደዋል። የፈረንጁ ብዕር ግን አንዲት ነጥብ አስቀምጦ ታነቀ። በማግስቱ ቀለሙ ሆዱ ውስጥ እንደ ሸክላ ደረቀ። ነቀነቅሁት፣ መታሁት፣ ጠበል ረጨሁት። ዝም።

ቢሆንም ከደረቴ አላወረድሁትም። ለሰው የሚታየው መንጠቆው ነው፤ መንጠቆው ደግሞ ይሠራል። "እስቲ ጻፍበት" የሚል ሲመጣ "ይህ የሻለቃ ብዕር ነው፤ ለተራ ወረቀት አይወርድም" እላለሁ።

በሰኔ መጀመሪያ ታከለ ተያዘ። ታከለ የሸጋዬ ታናሽ ወንድም ነው። ለአርበኞች ስንቅ ጭኖ ሲሄድ ባንዶች አገኙትና ቡሬ ምሽግ ውስጥ አሰሩት። በቅዳሜ ገበያ ይሰቀላል ተባለ። ሸጋዬ አላለቀሰችም። ደጃፍ ተቀምጣ መሬት መሬቱን ታያለች። እኔም ብዕሮቼን መቁጠር ተውሁ።

በዚያው ሳምንት የአካባቢያችን አርበኞች አለቃ የፊታውራሪ ክንፈሚካኤል ሰዎች፣ ከደምበጫ በሚመጣው መንገድ ላይ ካሚዮኑ የቆመበትን አንድ ጣሊያን ማረኩ። ፊታውራሪ ወዲያው ቡሬ ላኩ፦ "ሰውህን እሰጥሃለሁ፤ ታከለን ስጠኝ።" የምሽጉ አዛዥም መለሰ፦ "በሕይወት መኖሩን በምን አውቃለሁ? በገዛ እጁ ጽፎ ይላክልኝ፤ ጽሕፈቱን አውቀዋለሁ። ዓርብ ጠዋት ካልደረሰኝ ቅዳሜ ገመዱ ዝግጁ ነው።"

ጫካ ውስጥ ጠመንጃ እንጂ ብዕር የለም። ፊታውራሪ "ብዕር ያለው ማነው?" ቢሉ ሠላሳ ሰው በአንድ አፍ "አለኸኝ!" አለ። አለኸኝ እኔ ነኝ። ሐሙስ ማለዳ መልእክተኛው ደጄ ደረሰ።

"ብዕሮችህን ሁሉ ይዘህ ና ተብለሃል። በተለይ ያንን የሻለቃውን።"

ሸጋዬ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። "እኔም እሄዳለሁ" አለች። "አንቱ" አላለችኝም።

ሰፈሩ ስንደርስ ምርኮኛው ግንድ ላይ ተቀምጧል፤ አጭር፣ ቦርጫም፣ ጢሙ ያደገ። አጠገቡ አስተርጓሚው ደረሰ አለ፤ መንገድ ሥራ ላይ ቋንቋቸውን ተምሮ የከዳቸው ጎበዝ ነው። ምርኮኛው ቀና ሲል ፊቱን አየሁት።

የገደልሁት ሰውዬ ነው።

ጋቢዬን እስከ አገጬ ሳብሁት።

"ምነው፣ በረደህ?" አሉ ፊታውራሪ።

"ወባ ትነካካኛለች ጌታዬ።"

"በል እሺ፣ ብዕር ስጠው። ወረቀቱ ከካሚዮኑ የተገኘ ሦስት ቅጠል ብቻ ነው፤ ተጠንቀቅ።"

አባ መብረቅን ቀለም ነክሬ ሰጠሁት። ጣሊያኑ እንደ ሽሮ ማማሰያ ጨብጦ ወረቀቱ ላይ ቢጫነው "ጠቅ" አለ። ይህቺኛዋን "ጠቅ" አልወደድኋትም። አባ መብረቅ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ቀለሙ ወረቀቱን አጥለቀለቀው። አንድ ቅጠል ሄደ። አባ ግርማን ሰጠሁት። አባ ግርማ አልተሰበረም፤ የወጣው ጽሕፈት ግን ዶሮ ጭቃ ረግጣ የሄደችበት ይመስላል።

ደረሰ አዳመጠና "እናቴም ብታየው የእኔ እጅ ነው አትልም ይላል" አለ።

ሁለተኛው ቅጠልም ሄደ።

"ያ የሻለቃው ብዕር የታለ?" አሉ ፊታውራሪ።

"ቤት... ቤት ረስቼው..."

ሸጋዬ ከኋላዬ ቆማለች። ብዕሩ ደረቴ ላይ እንዳለ ታውቃለች፤ ማለዳ ስሰካው አይታኛለች። እንደ ልማዷ "አንቱ" ብላ ታዋርደኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "አለኸኝ" አለች ብቻ። "አንድ ቅጠል ነው የቀረው።"

ጋቢዬን ለቀቅሁት።

ጣሊያኑ ወርቁ ሲያበራ አየና ከግንዱ ዘሎ ተነሣ። "ፔና ሚያ! ፔና ሚያ!"

"የኔ ብዕር ነው ይላል" አለ ደረሰ።

ሠላሳ አርበኛ እኔን አየ። ከዚያ ጣሊያኑን አየ። እንደገና እኔን አየ። ፊታውራሪ ቀስ ብለው "አለኸኝ፣ ገደልሁት ያልኸው ይህንን ነው?" አሉ።

"ጌታዬ" አልሁ፣ "ተርፏል ማለት ነው።"

ጫካው በሳቅ ተናወጠ። ጣሊያኑ ግን ገና አልጨረሰም፤ ወደ እኔ እየጠቆመ ይናገራል፤ ደረሰ ይከተለዋል። "ይህን ሰው አውቀዋለሁ ይላል። አምና ክረምት ካሚዮኔ ፈጣም መሻገሪያ ላይ ጭቃ ሲበላው ከመንገድ የተገኘውን ሰው ሁሉ ሰብስበን አስገፍተን ነበር፤ እሱም አብሮ ነበር ይላል።"

ሳቁ ቀጥ አለ። የጠላት ካሚዮን መግፋት ቀልድ አይደለም።

"ገፍተሃል?" አሉ ፊታውራሪ። ድምፃቸው ተለውጧል።

"ዙሪያውን ጠመንጃ ይዘው ከበውን..."

"ገፍተሃል ወይ ነው ያልሁህ!"

"ገፍቻለሁ ጌታዬ።"

ደረሰ ጣሊያኑን ጆሮ ሰጥቶ አዳመጠና በሳቅ አፉን ያዘ። "አልገፋም ይላል! ከሁሉ አብልጦ የጮኸው እሱ ነው ይላል። 'በሉ! ግፉ! አይዟችሁ!' እያለ። እጁን ግን ካሚዮኑ ላይ አስደግፎ ነበር እንጂ አልገፋም። እንዲህ ያለ ሰነፍ አይቼ አላውቅም፤ ልሰድበው ብዬ ሥራ በዝቶብኝ ነው የተውሁት ይላል።"

በሕይወቴ ስለ እኔ የተነገረ እውነተኛ ምስክርነት ያ ብቻ ነው፤ የመሰከረውም ጠላት ነው። ፊታውራሪ ጠመንጃቸውን ዛፍ ላይ አስደግፈው ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ።

"ብዕሩንስ?"

"ጎማውን ሊያይ ጎንበስ ሲል ከኪሱ ወደቀ። እግሬን ጫንሁበት።"

"እንግዲህ የረገጥኸው ብዕር ታከለን ያውጣልን። ይጻፍ!"

ጣሊያኑ ወረቀቱ ላይ አሳረፈው። ምንም። ነቀነቀው። ምንም። ጠምዝዞ ከፈተው፣ ውስጡን አየ፣ አሸተተ። ከዚያ ልጁን በአደራ ሰጥቶ ሲመለስ ታሞ ያገኘው አባት እንደሚያይ አየኝ።

"ምን አጠጣኸው ይላል" አለ ደረሰ።

"ካለኝ ሁሉ የተሻለውን በለው።"

ጊዜው ወደ ቀትር እየሄደ ነው። መልእክተኛው ለመነሣት በቅሎውን ጭኗል። እኔና ጣሊያኑ ጎን ለጎን ቁጢጥ አልን። ለብ ያለ ውኃ መጣ፤ የአንዱ አርበኛ አረቄ ሳይወድ በግዱ ተጨመረበት። ጣሊያኑ ብዕሩን በታትኖ በዶሮ ላባ ይጠርጋል፤ እኔ የደረቀውን ጥላሸት በእሾህ እፈለፍላለሁ። ዐሥር ወር የነበረ ጥቁር አተላ ወጣ። ቃል አንግባባም፤ ግን እሾሄ ወርቁን ሊነካ ሲል እጄን ቸብ ያደርጋል፤ እሱ ላባውን ሳያርስ ሲያስገባ እኔም እሱን ቸብ አደርጋለሁ። ከእኔ ሌላ ብዕር እንዲህ የሚያባብል ሰው አይቼ አላውቅም ነበር።

ቀለም ግን የለም። የእሱ ጠርሙስ ካሚዮኑ ውስጥ ተሰብሯል። የእኔን በውኃ ማቅጠን ግድ ሆነ። "ማጥለያ ጨርቅ!" ስል ሸጋዬ የአዲስ ነጠላዋን ጫፍ ሳታቅማማ ቀደደችው። ለፋሲካ የለበሰችው ነው። ሰባት ጊዜ አጠለልሁት። መቶ ዓመት የሚኖረው ቀለሜ ቀጥኖ የቡና ቅራሪ መሰለ፤ አንድ ክረምት እንኳ የሚከርም አይመስልም። ለታከለ ግን እስከ ዓርብ ከቆየ ይበቃል።

ጣሊያኑ ሞላውና የቀኝ እጄን ያዘ። ወረቀቱ አንድ ስለሆነ መዳፌ ላይ ሞከረው። ጻፈ! ከዚያ ፈገግ ብሎ ለእኔ ዘረጋልኝ። ግራ መዳፌ ላይ "አ" ብዬ ጻፍሁ። ምንም ድምፅ የለውም፤ አይቧጥጥም፤ ቅቤ ላይ እንደሚሄድ ተንሸራተተ። ዐሥር ወር ሙሉ ደረቴ ላይ ሰክቼ የዞርሁት ብዕር ሲጽፍ ገና ያን ቀን አየሁት። አባ መብረቅ ተሰብሮ አጠገቤ ተኝቷል፤ ሬሳው ሳይነሣ ሌላ ያገባሁበት መሰለኝና መዳፌን ጨበጥሁ።

የመጨረሻው ቅጠል ላይ ጣሊያኑ ስድስት መስመር ጻፈ። የሚያምር፣ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ፣ ነፋስ የመታው ጤፍ የመሰለ ጽሕፈት ነው። አንዲት ጠብታ አልወደቀችም። በቅሎይቱ ወደ ቡሬ ወረደች። ሸጋዬ እስክትሰወር ቆማ አየቻት።

አዛዡ ጽሕፈቱን አወቀ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ፈጣም መሻገሪያ ላይ ቆምን፤ እኛ ወዲህ፣ እነሱ ወዲያ ማዶ። ጣሊያኑ ሊሻገር ሲል ፊታውራሪ ብዕሩን ከኪሱ አውጥተው ያዙት።

"ይህ ምርኮ ነው፤ ምርኮ የማራኪው ነው። አለኸኝ፣ 'ማርኬዋለሁ' በልና ውሰድ። እኛ ሰምተናል፤ ማንም አይከራከርህም።"

ሰዎቹ ከንፈራቸውን ነክሰው ሳቃቸውን ይዘዋል። አንዲት ቃል ናት። እንኳን እሷን፣ ሻለቃ የሾምሁ ሰው ነኝ። አፌን ስከፍት ማዶውን አየሁ። ታከለ እያነከሰ ወደ ውኃው ይወርዳል፤ ሸጋዬ ጫፉ የተቀደደ ነጠላዋን ለብሳ እስከ ጉልበቷ ውኃ ውስጥ ገብታ እጇን ዘርግታለታለች። ያን እያየሁ ውሸቱ አልወጣ አለኝ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲህ ያለ ሕመም አግኝቶኝ አያውቅም።

"አልማረክሁትም" አልሁ። "የሰውየው ነው።"

ጣሊያኑ ብዕሩን ተቀብሎ ኪሱ ላይ ሰካው። ሁለት እርምጃ ሄዶ ተመለሰና ማኅደሬን ጠቆመ። የተሰነጠቀውን አባ መብረቅን አውጥቼ ሰጠሁት፤ ከብዕሩ ጎን ሰክቶት ተሻገረ። ስለዚህ ዛሬ ጣሊያን አገር አንድ ብዕር አለኝ። ስለዚህ ብዕሮቼ አሁንም አሥራ ሁለት ናቸው።

ታከለ ከሞት ተርፎ የመጣ ሰው ነውና ዝም ብሎ ይቀመጣል ብዬ ነበር። ሸጋዬ ሁሉን ነገረችው። ይኸው እስከ ዛሬ፣ ክረምት ላይ የማንም በሬ ጭቃ ሲይዘው ታከለ ከሜዳው ማዶ ይጣራል፦ "አለኸኝ ይጠራ! ገፊ ሞልቷል፤ የሚጮህ ሰው ጎደለን!"

እሄዳለሁ። ጋቢዬን አደገድጋለሁ፣ እጄን በሬው ላይ አስደግፋለሁ፣ እጮሃለሁ። ባለፈው ክረምት ብቻ አርባ በሬ አውጥቻለሁ።

ሸጋዬ ሦስት ናቸው ትላለች።