አራተኛው ወንበር

ዘርፈሽ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ወለል ላይ ተንበርክካ የባለ ጨርቁን ወንበር ክንድ በግራ መዳፏ ወጠረችና ምላጩን አስተኝታ ሳበችው። ከጨርቁ ላይ የበቀሉት ድቡልቡል የክር ፍሬዎች ምላጩ ላይ ተሰበሰቡ። እፍ አለቻቸው።

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ እንግዳ ይመጣል ተብሏል። አራቱ ባለ ጨርቅ ወንበሮች ቀድሞ የእሷ ነበሩ፤ ቤቷ ትርፍ ተብሎ ሲወረስ አብረው የሄዱ። ዛሬ ግን የወንበሮቹ ነገር አላንገበገባትም። ልጇ ተካ ለብሔራዊ ውትድርና ታፍሶ ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ ካለው መጋዘን ተዘግቶበታል።

ሊቀመንበሩ ፉፋ ጠዋት በር ላይ ሲያገኛት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የነገራት።

"አዴ ዘርፈሽ፣ ወንበሮቹን አዲስ አስመስዪልኝ። እኔም የልጁን ነገር ለእንግዳው አነሳልሻለሁ።"

ስለዚህ አልቸኮለችም። ብትቸኩል ምላጩ ጨርቁን ይበሳዋል፤ ከተበሳ ደግሞ ፉፋ ሰበብ ያገኛል።

ሦስተኛው ላይ ሳለች ከጓሮ የአይፋ ጭነት መኪና ሞተር አጓራ። ዘበኛው ዋቅወያ በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋው።

"አቧራ እንዳይገባብሽ ነው፣ አዴ" አላት። ፊቷን ግን አላየም።

ሦስተኛውን ጨርሳ ወገቧን ልታፍታታ ስትወጣ፣ ጎረቤቷ ሸዋጌጥ ክንዷ ድረስ ኖራ ተለቃልቃ ከአዳራሹ ብቅ አለች።

"አንቺም እዚህ ነሽ?" አለቻት ዘርፈሽ።

"ፉፋ አዳራሹን ከቀባሽልኝ ልጅሽን አስለቅቅልሻለሁ ብሎኝ። ያቺ ልጇ የታፈሰባት የሺወርቅም ወንዝ ወርዳ መጋረጃውን እያጠበች ነው። ለእሷም እንደዚሁ ብሏት።"

ሁለቱም ወደ ጓሮ ዞሩ። የመጋዘኑ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ውስጡ ማንም የለም፤ አንድ የተረሳ ነጠላ ጫማ ብቻ።

"አምና እናቶች መኪናው ፊት ተኝተው አናሳልፍም ብለው ነበር" አለች ሸዋጌጥ ቀስ ብላ። "ዘንድሮ ሥራ ሰጡን።"

ዘርፈሽ ወደ ክፍሉ ተመለሰች። ፉፋ የኮቱን ቁልፍ እየቆለፈ ገባ።

"አንዷ ወንበር ቀረች እኮ። እንግዳው ሲሬ ከተማን ካለፈ ቆይቷል ተብሎ ተደውሏል።"

"ተካስ?"

"ትእዛዙ ከላይ ነው፣ አዴ። እኔ ምን ላድርግ? በይ ቶሎ ጨርሺ።"

ምላጩን በመጠቅለያ ወረቀቱ ጠቅልላ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ከዚያ ወደ አራተኛው ወንበር ሄደች። ተካን ታቅፋ ታጠባበት የነበረው እሱ ነው። ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠችበት።

ከውጭ የመኪና ጡሩምባ ተሰማ።

"ተነሺ እንጂ፣ ሰውየው መጣ" አላት ፉፋ።

"ይምጣ" አለች፣ የክር ፍሬው ያልተላጨውን የወንበሩን ክንድ በመዳፏ ይዛ። "እዚሁ ቁጭ ብዬ እጠብቀዋለሁ።"