የእናት ፊት የዞረበት

በጃንሆይ ዘመን ነው። እህተ ማርያም የጭነት መኪና ሾፌር አግብታ ፍኖተ ሰላም ስትገባ፣ እናቷ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ «ቀብሬ ላይ እንዳትቆሚ፤ በሚካኤል ገዝቼሻለሁ!» ብለዋት ነበር። ያሰረችው እናት ካልፈታችው የእናትን ግዝት ማን ይፈታዋል?

አሁን እናትየው ቡሬ አጠገብ ካለው ቤታቸው ግማሽ አካላቸው ደርቆ፣ አንደበታቸው ተዘግቶ ተኝተዋል። ልጅቱን ሰው ልካ ያስመጣቻት ጎረቤታቸው አደይ ናት። ሁለቱ ከግራና ከቀኝ ሆነው ውሃ ሲያቀርቡላቸው አደይ ልብ ብላ አየች።

«አንችዬ፣ ወዳንች ነው እኮ የሚዞሩ! ይቅር ብለውሻል» አለቻት።

እህተ ማርያም የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። ታላቅ ወንድሟ መሪጌታ ይሄይስ ግን በምኞት የሚያምኑ ሰው አልነበሩም።

«ግዝቱን ለሚያስከብሩት አጎቶቻችን ‹ፈትተዋታል› ብዬ የምመሰክረው እኔ ነኝ። እስቲ እንፈትን» አሉ።

አሥር ጠዋት ሁለቱ ሴቶች ቦታ እየተለዋወጡ፣ ቃል ሳይተነፍሱ ውሃ አቀረቡ። እናት ከአሥሩ ሰባቱን ጠዋት ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ይኸው!» አለች እህተ ማርያም እያለቀሰች።

መሪጌታ አንድ ጥቁርና አንድ ነጭ ጠጠር ከጓሮ አምጥተው ስልቻ ውስጥ ጨመሩ። ጥቁሩ የእሷ፣ ነጩ የአደይ።

«ጠጠር እናት አያውቅ፣ ልጅ አያውቅ። ሳታይ አንዱን አውጭ፣ መልሽ፤ አሥር ጊዜ። ከዚያም እንደገና። ሰባት ጥቁር መውጣቱ ብርቅ ከሆነ እናታችን አውቀውሻል። ብርቅ ካልሆነ ግን ምን ይዤ ልመስክር?»

ገና በሁለተኛው ዙር ጥቁሩ ሰባት ጊዜ ወጣ። ሳቀች፤ ሳቋ ወዲያው ከፊቷ ጠፋ። ሃያ ዙር ጨርሳ ስታቆም፣ በአራቱ ጥቁሩ ሰባትና ከዚያም በላይ ወጥቶላት ነበር። ዕውር ዕጣ እንኳ እንዲህ የሚያደላላት ከሆነ የእናቷ አንገት መዞሩ ምን ይነግራታል? የተማረ ሰው ነገር! አንዳንዱ ተስፋ ባይፈተሽስ ምን ነበረበት?

«ታዲያ አላወቁኝም ማለት ነው፣ ጋሼ?»

«አላወቁሽም አልልም። ማወቃቸውን ግን በዚህ መለየት አልቻልሁም። ሌላ ጠዋት እንጨምርበት።»

ሞት ለፈተና ቀጠሮ አይሰጥም። በማግሥቱ ውሃው ሲቀርብላቸው ወደ ማንም አልዞሩም፤ እኩለ ቀን ላይ አረፉ።

አስከሬኑ ተነስቶ ለቀስተኛው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲያመራ መሪጌታ እቤት ወደ ቀረችው እህታቸው ተመለሱ።

«ነይ፣ እህቴ። ፈትተውሻል ብዬ እመሰክራለሁ፤ ኃጢአቱ በኔ ይሁን።»

ያን ቃል ስትለምን ነው የከረመችው። ቀና ብላ አየቻቸው።

«እርስዎ ያላመኑትን እኔ እንዴት ልመን፣ ጋሼ? እናቴን በሞታቸውም ላስቀይማቸው?»

ለቀስተኛው እየራቀ ነበርና መሪጌታ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተከተሉት። እሷ ምሰሶውን ይዛ ሙሾው ከወንዙ ማዶ እስኪጠፋ አዳመጠች፤ ከዚያ ባዶው መደብ ላይ ተደፍታ እናቷን ብቻዋን አለቀሰች።